ብርቱካናማው ማቶት

የድሮ የሙዚቃ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ጠላቱ ብዙ ነው። ፀሐይ ታጣምምበታለች። አቧራ ድምፁን ያንጫጫበታል። ሕፃን ልጅ አንስቶ ይነክስበታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ለሁሉም መላ አለኝ። ስለ ጀበና ግን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የምሰበስበው ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያንን የድሮ ሪትም ኤንድ ብሉዝ ነው፤ በተለይ ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ የታተመውን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አበሻ ወዳጆቼ «ጥላሁንን ትተህ?» ይሉኛል። ማን ተወ? ጥላሁንማ የራሱ መደርደሪያ አለው።

ሱሱ የያዘኝ ዋሽንግተን ክትፎ ልበላ በሄድኩበት ነው ማለት ይቻላል። 9ኛው መንገድ ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ትንሽ ራመድ ስትሉ ሃዋርድ ቴአትርን ታገኛላችሁ። የተከፈተው በ1910 ነው። እዚያው ሰፈር ድሮ አንድ ሸክላ ቤት ነበር። የቱርክ አምባሳደር ልጅ አህመት ኤርቴገን እዚያ ተገትሮ ይውል ነበር። ሰዉ ምን እንደሚገዛ፣ ምን እንደሚጥለው ያጠናው እዚያ ነው። በኋላ ከቤተሰቡ የጥርስ ሐኪም 10,000 ዶላር ተበድሮ፣ ከሸሪኩ ከኸርብ አብራምሰን ጋር በ1947 አትላንቲክ ሪከርድስ የተባለውን ሸክላ አሳታሚ አቋቋመ። ሩት ብራውንም ሬይ ቻርልስም ለዚህ ቤት ነው የዘፈኑት። የእኔ የጥርስ ሐኪም ግን እስካሁን ሲቀበል እንጂ ሲያበድር አላየሁትም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከቤታችን አለፍ ብሎ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ምድር ቤታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው። ያለን ውል ቀላል ነው። እሳቸው አንድ ሸክላ ያውሱኛል፣ እኔም አንድ አውሳቸዋለሁ፣ እሁድ እሁድ እንመላለሳለን። ከእኔ የሚወስዱት አምሃ እሸቴ ያሳተማቸውን የአዲስ አበባ ሸክላዎች ነው። አማርኛ ጨርሶ አይሰሙም። መሐሙድ አሕመድ ግን «ይገባኛል» ይላሉ።

አንድ እሁድ ታዲያ እንደ ዕንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ብርቱካናማ ሸክላ ሰጡኝ። የብሉዝ ዘፋኙ የአርተር ክሩዳፕ። አርሲኤ ቪክተር የተባለው የሸክላ ኩባንያ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረውን፣ ባለ 45ቱን ትንሿን ሸክላ በ1949 ገበያ ላይ ሲያወጣ ሙዚቃውን የለየው በቀለም ነበር። ለሪትም ኤንድ ብሉዝ የደረሰው ብርቱካናማ ነው። በዚህ ቀለም መጀመሪያ የወጣውም ይኸው የክሩዳፕ ሸክላ ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1954 የመጀመሪያ ሸክላውን ሲያወጣ የዘፈነው የዚህን ሰውዬ ዘፈን ነው። ኤልቪስ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ክሩዳፕ ግን የሚገባውን ክፍያ ሳያገኝ በ1974 ሞተ። ይህን ሁሉ የማወራው ምን ዓይነት ዕቃ እጄ እንደገባ እንድትረዱልኝ ነው። ዋጋውን አልናገርም። ባለቤቴ ይህን ታነባለች።

አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ባለ 45 ሸክላ መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው። አራት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።

በዚያው ሳምንት አማቴ ለልጃችን ክርስትና ከአዲስ አበባ መጡ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው፣ ሁሉም አለ። ጀበናቸው በጋቢ ተጠቅልሎ ያለ ጭረት ገባ። የተረሳው ማቶቱ ብቻ ነው። ጀበና ደግሞ ማቶት ከሌለው መቀመጫው ድቡልቡል ስለሆነ ይጋደማል። ለጊዜው በተጠቀለለ ፎጣ ቻሉት። ግን ሲያጉረመርሙ እሰማ ነበር።

እሁድ ከገበያ ስመለስ ሳሎኑ በዕጣን ታፍኗል። የጭስ ማስጠንቀቂያው አፍ ላይ ሻሽ ታስሮበታል። ቄጤማ ቢያጡ የጓሮዬን ሣር አጭደው ጎዝጉዘዋል። ጀበናው ረከቦቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሥሩ ብርቱካናማ ነገር ብቅ ብሏል።

መደርደሪያዬን ዞር ብዬ አየሁ። የሸክላው ፖስታ ቦታው ላይ አለ። ባዶውን።

«እማማ፣ ይሄ ምንድነው?» አልኩ። ድምፄን ለማለዘብ የታገልኩትን እግዜር ነው የሚያውቀው።

«ማቶት ነዋ! ሥራዬ ብለው ለጀበና የሠሩት ነው የሚመስለው። ልክክ አለለት እኮ። ፈረንጅ መቼም የማይሠራው የለም።»

«ሸክላ እኮ ነው፣ እማማ…»

«ሂድ እዚያ! ሸክላ አላውቅምና ነው? በእኛ ጊዜ ሸክላ ጥቁር ነበር። ይሄ ብርቱካናማ ነው።»

ምን ይመለሳል? ሌላ ሰው ቢሆን እጮህ ነበር። አማት ላይ አይጮህም። አማት ፊት ፈገግ ነው የሚባለው፤ ፈገግ አልኩ። ጀበናውን ቀስ ብዬ ሳነሳ ሸክላውም አብሮ ተነሳ። ሸክላው የተሠራበት ቪኒል ከእሳት የወረደ ነገር አይችልም። በመከራ ስናላቅቀው መሐሉ ሰርጉዶ፣ ዳሩ ተቆልምሞ ቀረ። አማቴ አገላብጠው አዩትና ጀበናውን መልሰው አስቀመጡበት።

«አየህ፣ አሁን ደግሞ ይበልጥ ተመቸው።»

በር ተንኳኳ። ሽማግሌው ናቸው፤ መሐሙድን በብብታቸው ይዘዋል። «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ቡና ደርሷል!» አሉ አማቴ በአማርኛ። ሰውየውም በእንግሊዝኛ አመሰገኑና ገብተው ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው ጀበናው አለ። እንዳዩት አየሁ። አቦልን ጠጡ፤ ዝም። ፈንዲሻ ቆረጣጠሙ፤ ዝም። ቶና ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ጎንበስ አሉ።

«የእኔ ነው?»

«ነበር» አልኩ።

ሳቃቸው የመጣው ከየት እንደሆነ እንጃ። ሲኒው ከእጃቸው ሊወድቅ ደርሶ ባለቤቴ ቀለበችላቸው። ካላጫወትነው ብለው ሙጭጭ አሉ። ቀዳዳው ተለጥጦ ማጫወቻው ላይ አልቆም ሲል አማቴ መላ አመጡ። ባዶ ሲኒ ደፉበት። መርፌው ዳገት ወጣ፣ ቁልቁለት ወረደ። ክሩዳፕም ይጮሃል፣ ይሰጥማል፣ ብቅ ብሎ እንደገና ይጮሃል።

አማቴ በጥሞና ሲያዳምጡ ቆዩና «ሰውዬው ጠጥቶ ነው የሚዘፍነው?» አሉ። ባለቤቴ ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው እንደገና ሞቱ።

ከዚያ ለአማቴ የቀለሙን ነገር ያስረዷቸው ጀመር። ይሄ ብርቱካናማው የእኛ ነበር፤ አረንጓዴው የካንትሪ፣ ቢጫው የልጆች፣ ቀዩ የክላሲክ። አማቴ እያንዳንዱን ቀለም በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙ። እኔ ሙዚቃው ስቧቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

በረካ ጠጥተን ስንጨርስ ሽማግሌው ፍርዳቸውን ሰጡ። ብርቱካናማውን ለአማቴ ሸልመዋል። መሐሙድን ግን አይመልሱም። ይግባኝ የሚባልበት መንገድ አልታየኝም። ሸክላውን ይዘው እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

ክርስትናው በደስታ አለፈ። አማቴም አገራቸው ገቡ፤ ማቶታቸውም አብሮ ገባ። ሰሞኑን ታዲያ ደወሉልኝ። ለእኔ ነው የደወሉት፣ ለልጃቸው አይደለም።

«ልጄ፣ ያ ማቶት ሰፈሩን ጉድ አሰኘልኝ። እኚያ ሽማግሌ አረንጓዴም፣ ቢጫም፣ ቀይም አለ ብለው አልነበር? ሦስቱን እስቲ ፈልግልኝ። በባንዲራችን ቀለም ደርድሬ ለእንቁጣጣሽ ቡና አፈላባቸዋለሁ።»

ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። ቢጫው ቤታቸው አለ። በምትኩ ዓለማየሁ እሸቴን ይፈልጋሉ።