ግራና ቀኙን ሳልመዝን

ሥራዬ በሞተር ነበር። ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ መድኃኒትና ቅፅ አመላልሳለሁ። ከኬላዎቹ ሁለቱ ጋ መኪና የሚገባው በበጋ ብቻ ነው። ክረምት ሲመጣ ወይ በእግር ነው፣ ወይ በበቅሎ፣ ወይ በሞተር።

መጀመሪያ ዕቃውን በካርቶን አድርጌ ከኋላ በከመነዳሪ ጎማ እጠፍረው ነበር። ካርቶን ደግሞ የደጋ ዝናብ አይችልም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ስሄድ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገባሁና ከአሮጌ የመኪና ሸራ ጥንድ ቦርሳ አሰፋሁ። ሁለቱ ቦርሳዎች በሁለት ሰፋፊ ማንገቻ ይያያዛሉ። ማንገቻው ወንበሩ ላይ ይጋደማል፣ ቦርሳዎቹ በግራና በቀኝ ይንጠለጠላሉ። ብረት የለው፣ ብሎን የለው። ኬላ ስደርስ አንስቼ ትከሻዬ ላይ ጥዬው እገባለሁ። ጭቃ ላይ ብወድቅም እንደ ብረት ሳጥን እግሬን አይቀጠቅጠውም። ኮረጆ እለው ነበር። በጣም ወደድኩት።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጠቁሯል። ከጫንኩት ዕቃ አንዱ የአንዲት እናት የቲቢ መድኃኒት ነበር። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ይወሰዳል፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት። በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። እሷ ገና 5ኛ ሳምንቷ ላይ ናት። ኬላው ውስጥ የነበራትን የመጨረሻ ክኒን ያን ጠዋት ወስዳለች። ስለዚህ የያዝኩት እሽግ እስከ ነገ ጠዋት እጇ መግባት አለበት።

ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብዬ ተቻኮልኩ። ቀኝ ቦርሳ ውስጥ መዝገቦቹን፣ የኦ.አር.ኤስ. (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ካርቶኑንና የቲቢውን እሽግ ከተትኩ። በግራው ጥጥ፣ ፋሻና ጓንት ብቻ። በዓይን ሲታዩ ሁለቱም እኩል ሞልተዋል። ክብደታቸውን አልሞከርኩም።

የኔ ሞተር ለገጠር የተሠራ ነው። ወንዝ ሲሻገር ውሃ እንዳይገባበት ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ ያልፋል። ለወንዝ ጥሩ ነው፤ ለሸራ ቦርሳ ግን አደገኛ ነው። ከተማ ውስጥ ቆሞ ሲታይ በቦርሳውና በማርሚታው መካከል ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ነበር። ያ ክፍተት ግን ሞተሩ ባዶ ሆኖ ሲቆም ያለ ክፍተት ነው። ሰው ሲቀመጥበት፣ ድንጋይ ላይ ሲዘል፣ ሞላው ሲታጠፍ ቦርሳውም አብሮ ይወዛወዛል። ይህን ያን ቀን አላሰብኩትም።

ቁልቁለቱ መሃል ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ፍሬን መስሎኝ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይሸታል። ቆሜ ማየት ነበረብኝ፤ አልቆምኩም። ደመናውን እያየሁ ነዳሁ።

ኬላው ደጅ ስደርስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወጣች። እኔን ሳይሆን ሞተሩን ነው ያየችው። «ምን ሆነህ ነው? ቦርሳህ እኮ ተቀዷል!» አለችኝ። የቀኙ ቦርሳ ታች ወርዶ ማርሚታው ላይ ተጣብቋል። ሸራው ቀልጦ ከሥሩ ተከፍቷል። መዝገቦቹ ጫፋቸው ጠቁሮ እንደምንም ተወትፈው ቀርተዋል። ኦ.አር.ኤሱም እሽጉም የሉም።

ሞተሩን እዚያው ትቼ በመጣሁበት መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። ድንጋዩን፣ ጉድባውን፣ የገብሱን ዳር እያየሁ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። የማስበው ስለ ደመወዜ ወይም ስለ አለቃዬ አልነበረም። ነገ ጠዋት ኬላው ደጅ የምትቀመጠውን ሴት ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድኩ ሁለት አህያ የሚነዱ ሽማግሌ አገኘሁ። እሽጉን በርኖሳቸው ሥር ይዘውታል።

«ያንተ ነው ልጄ?»

«አዎ አባቴ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«መድኃኒት መሆኑን አይቼ ነው ያነሳሁት። የሚጠብቀው ሰው ይኖራል ብዬ።»

አብረን እስከ ኬላው ወረድን። ሞተሩ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። የተረፈውን ዕቃ በአንድ እጃቸው አነሱ፣ ከዚያ የግራውን ቦርሳ በሌላው እጃቸው። «ይሄ እኮ አልተመዘነም» አሉ። «በአህያ ብትጭነው ከደጅህ ሳትርቅ ይገለበጥብህ ነበር። ጭነት በዓይን አይታይም፣ በእጅ ነው።»

ቀጥለው ወንበሩን እየዳሰሱ ጠየቁኝ። «ወዴላው የታለ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ወዴላ የበቅሎ ጅራት ሥር የሚገባው ጠፍር ነው። ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ አንገት እንዳይንሸራተት ወደኋላ ይይዘዋል። ዳገት ላይ ደግሞ በደረት በኩል የሚታሰረው ወደፊት ይይዛል። የኔ ኮረጆ ሁለቱም የለውም። ወንበሩ ላይ እንዲሁ ተጥሏል። በክብደቱ ይቀመጣል ብዬ ነው የማምነው። ቀኙ ሲከብድ ማንገቻው ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፣ ግራው ወደ ላይ ወጣ፣ ቀኙ ማርሚታው ላይ አረፈ። ነገሩ ይኸው ነው። እኚህ ሰው ሞተር ነድተው አያውቁም። ግን ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የት እንደተበላሸ አሳዩኝ።

መጫኛቸውን ከአህያው ፈተው ሰጡኝ። መዝገቡን ኬላው ስለተረከበ ያለኝ ጥጥና ፋሻው ነው። ለሁለት ከፈልነው። ቦርሳውን ከፊት በእግር መርገጫው ብረት፣ ከኋላ በዕቃ መጫኛው ብረት አሰርነው። የገመዱን ትርፍ ጫፍ እሳቸው ራሳቸው ጠቅልለው ከውስጥ ሸጎጡት። ያ ጫፍ ተንጠልጥሎ ቢቀር ካቴናው ወይም የኋላ ጎማው ይስበዋል። ያኔ የሚወድቀው ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው።

እሽጉ ስለተገኘ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ግን ገልብጣ አየችውና አንዱ ጎኑ እንደተኮማተረ አሳየችኝ። ይዤው ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ። ፋርማሲስቷ ነካችውና ወደ ጎን አስቀመጠችው።

«ክኒኑ እኮ ቀለሙ አልተለወጠም» አልኳት።

«ቀለሙን ተወው። ሙቀት ያገኘው መድኃኒት በዓይን አይለይም። ለሰው አልሰጥም።»

ልክ ነበረች። የሆነውን በጽሑፍ አስመዘገብኩ። ከመጋዘን ሌላ እሽግ ተፈቀደልኝ።

ያን ማታ ብየዳ ቤት ሳይዘጋ ደረስኩ። ቶንዲኖ አጥፈን በሁለቱም ጎን ቦርሳውን ከጎማውና ከማርሚታው የሚያርቅ ደጋፊ አሠራሁ። ማርሚታው ላይ ላሜራ ገባ። ላሜራው ማርሚታውን ከነካ ራሱ ስለሚግል በመካከላቸው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተውን። ከዚያ ሠራተኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሞላውን እየረገጠ ሲዘል እኔ ተንበርክኬ ክፍተቱን አየሁ። የተቀደደውን ሸራ ጫማ ሰፊ ጠገነው።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሳሁ። እሽጉን በፌስታል ጠቅልዬ በግራው ቦርሳ፣ ከማርሚታው ርቆ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ከባዱን ከታች፣ ወደ እኔ ጠጋ አድርጌ። ሁለቱን ቦርሳ በሁለት እጄ አንስቼ መዘንኩ። ቀኙ ትንሽ ከበደኝና ሁለት ጥቅል ፋሻ ወደ ግራ አዛወርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ወርጄ ማሰሪያውን እንደገና ወጠርኩ። አዲስ የታሰረ ጭነት መጀመሪያ ላይ ይላላል። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አንድ ጊዜ፣ መሃሉ ላይ አንድ ጊዜ ቆምኩ።

ኬላው ስደርስ እናትየዋ ነጠላዋን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ዘግይቻለሁ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ኧረ አሁን ነው የመጣሁት» አለችኝ። ክኒኑን በውሃ ስትውጥ ቆሜ አየሁ።

መጫኛውን ቅዳሜ ገበያ ላይ ለሽማግሌው መለስኩላቸው። አመስግኜ ሳልጨርስ «ለመሆኑ ሴትዮዋ ደረሰላት?» ብለው ጠየቁኝ።