ቃል ብቻ ተናገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለቴ የጡት ካንሰሬን ክኒን የመጨረሻውን ስውጥ እመሰክራለሁ የሚል ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ የተቆጠረው 5 ዓመቱ ባለፈው ነሐሴ ሞልቷልና እነሆ ስለቴን አገባለሁ።

የምኖረው ለንደን ነው። በ2012 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ከግራ ጡቴ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ተነገረኝ። ብዙ ሳይቆይ ኮሮና አገሩን ዘጋውና የቀዶ ሕክምናዬ ቀን ተሰረዘ፣ ቀጠሮዬ ሁሉ በስልክ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ተዘጋች። ሆስፒታሉ ሲደውል ቁጥሩ አይታይም፤ ካመለጠኝ መልሼ የምደውልበት የለኝም። ስለዚህ ስልኩን ሽሮ ሳማስል ከምድጃው ጎን፣ ስታጠብ በሩ ደፍ ላይ፣ ስጸልይ ከዳዊቱ አጠገብ አኖረው ነበር።

ሚያዝያ 9 ቀን፣ ዓርብ ስቅለት፣ ብቻዬን ስሰግድ ውዬ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ለፈረንጆቹ ስቅለቱ ሳምንት ስላለፋቸው ተራ የሥራ ቀን ነበር። ድምፁ የማውቀው ሐኪም አልነበረም። አስተርጓሚው በአማርኛ ሰላም ብሎኝ ጥቂት እንደ ተነጋገርን መስመሩ ተቋረጠበት፤ ሐኪሙ ግን ቸኩሎ ነበርና በእንግሊዝኛ ቀጠለ። እንግሊዝኛዬ ለሥራና ለገበያ ይበቃል፤ ለዚያ ቀን ግን አልበቃኝም። የያዝሁት ቀዶ ሕክምናው ገና እንደሚቆይ፣ ክኒን እንደሚልኩልኝና ሁለት ጊዜ የደጋገማትን አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ «ፖዘቲቭ»። በእኔ ዕድሜ ላለ የአገሬ ሰው ፖዘቲቭ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ባለቤቴ ካረፈ 11 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያች ሌሊት ነፍሱን አላሳረፍኋትም። በመጨረሻ ሕመሙ እንዴት ከስቶ እንደ ነበር አስታወስሁ፤ ለብቻው አገር ቤት የሄደባቸውን ክረምቶች በጣቴ ቆጠርሁ። ሊድስ ላለችው ልጄ ልደውል ስልኩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት፤ ስለ አባቷ ምን ልበላት? ስግደቱን ልቀጥል ብዬ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ባደርግ «ኪርያላይሶን» ከአፌ አልወጣ አለ። «ካንሰሩ አልበቃህም ወይ?» አልሁት ፈጣሪዬን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ዳዊቱን ገልጬ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን እንደ ጸሎት ሳይሆን እንደ ክስ አነበብሁትና መጽሐፉን ዘጋሁት። በእግዚአብሔር ላይ እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም፤ ይህን ለነፍስ አባቴም ተናዝዣለሁ።

ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ፣ ሳልፈልገው፣ የመቶ አለቃው ልመና መጣብኝ፦ «ቃል ብቻ ተናገር፥ ብላቴናዬም ይፈወሳል»። ጌታ ያንን ብላቴና የፈወሰው ከቤቱ ሳይገባ፣ እጁን ሳይጭንበት ነበር። «እንግዲያው አንተም በሩቅ ከሆንህ ሁን፤ ግን አንድ ቃል» አልሁ። ቁጣው ገና አልወጣልኝም ነበርና ጸሎት ይባል እንደሆነ አላውቅም።

ፋሲካ እንደዚያው አለፈ። የማኅበራችን እኅት፣ እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈልልኝና፣ ዶሮ ወጥና በሃይላንድ የሞላ ጸበል ደጄ ላይ አስቀምጣ ከመንገዱ ማዶ እጇን እያውለበለበች «እንኳን አደረሰሽ» አለችኝ። ጸበሉን ጠጣሁ፤ ወጡን አልቀመስሁትም።

ሰኞ ማዕዶት ነበር፤ በወሩም 12ኛው ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤል። ጠዋት የጡት ካንሰር ሕሙማንን የምትከታተለው ነርስ አስተርጓሚ ይዛ ደወለች። እንድትናገር አልጠበቅሁም፤ «ኤች አይ ቪው ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው ያለብኝ?» አልሁ። አስተርጓሚዋ መተርጎሟን ረስታ «እናቴ፣ ኤች አይ ቪ አለብዎት ያለዎት ማን ነው?» አለችኝ። ከዚያ ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ፖዘቲቭ የተባለው ዕጢው ነው፤ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ሆርሞኑን በሚቀንስ ክኒን ሊገታ ይችላል። ሌትሮዞል፣ 2.5 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፤ ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ዕጢውን ይዞ ያቆየዋል። ያ ችኩል ሐኪም የነገረኝ ለካ የምሥራች ኖሯል። ስልኩን እንደያዝሁ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁና እልል አልሁ፤ ነርሷ ደንግጣ «ምን ሆነች?» ስትል ሰማኋት።

አራት ወር ጠበቅሁ። ነሐሴ ላይ ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ ዕጢው አንሶ ተገኘ፤ ከብብቴ የተወሰዱት ንፍፊቶችም ንጹሕ ነበሩ። ጨረሩ ደግሞ ቀድሞ በ15 ቀን ይሰጥ የነበረው፣ በዚያው ሚያዝያ በታተመ ጥናት መነሻነት በ5 ቀን አለቀልኝ። መዘግየቱ በጀኝ ለማለት ግን አልደፍርም፤ በዚያ ዓመት ቀጠሯቸው ተራዝሞ የተጎዱ ስንት አሉ።

የቤተ ክርስቲያናችን በር እንደ ተከፈተ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ የባለቤቴን የክርስትና ስም በወረቀት ጽፌ ለካህኑ ሰጠሁ። «ሙት ዓመቱ ነው?» ቢሉኝ፣ «አይደለም አባ፣ ይቅርታ ልጠይቀው ነው» አልኋቸው።