በእርጎ ተደብቆ የሚሰጥ ክኒን፦ ተጠያቂዋ ነርሷ ናት

እንግሊዝ አገር የመርሳት ሕመም (ዲሜንሺያ) ያለባቸው አረጋውያን በሚኖሩበት ኬር ሆም ለምትሠሩ ነርሶች ነው የምጽፈው። ቁስል ማሸግን፣ ኬር ፕላን ማደስን፣ ሺፍት ማስረከብን ማንም ያሳያችኋል። መድኃኒትን በምግብ ደብቆ ስለመስጠት ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

አንዲት ነዋሪ ክኒናቸውን እየተፉ ሲያስቸግሩ ጂፒው (የቤተሰብ ሐኪሙ) በስልክ «በእርጎ አድርጋችሁ ስጧቸው» አለ፤ ልጃቸውም ተስማማ። እኔም አንድ መስመር ጽፌ ለሲኒየር ኬረሯ (ለከፍተኛ ተንከባካቢዋ) አስተላለፍኩ። ዛሬም ይቆጨኛል።

መጀመሪያ መመርመር የነበረበት የመወሰን አቅማቸው ነው። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ የአእምሮ አቅም ሕግ እንደሚለው ማንም ሰው አቅም እንደሌለው እስኪረጋገጥ ድረስ አቅም እንዳለው ይቆጠራል፤ ዲሜንሺያ የሚል ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ስለዚያው መድኃኒት፣ በዚያው ሰዓት ጠይቁ፦ ይገባቸዋል? እስኪወስኑ ያስታውሱታል? ያመዛዝኑታል? ውሳኔያቸውን በቃልም በምልክትም ይገልጻሉ? መነጽራቸውንና የጆሮ መሣሪያቸውን አድርገው፣ ንቁ በሚሆኑበት ሰዓት ይሁን። አቅም ኖሯቸው «አልወስድም» ካሉ መደበቅ የለም።

የልጃቸውን ውክልና አላየሁም። የያዘው የንብረትና የገንዘብ ውክልና ነበር፤ ይህ በሕክምና ላይ አያስወስንም። ወረቀቱን አስመጥታችሁ አንብቡ።

ከሁሉ የከፋው ፋርማሲስት አለመጠየቄ ነው። የሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒት፣ ፌሎዲፒን፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ነው፤ ሲፈጭ የቀኑ መጠን ባንዴ ይለቀቃል። የደም ግፊታቸው ወረደ፣ ሲነሡ ተንገዳገዱ። ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ክኒንም አይፈጭም። ከመደበቅ በፊት የዚያኑ መድኃኒት ሌላ ዓይነት ጠይቁ፦ ከዲሜንሺያ መድኃኒቶች ዶኔፔዚል አፍ ውስጥ የሚሟሟ አለው፣ ሜማንቲን ፈሳሽ አለው፣ ሪቫስቲግሚን በቆዳ ላይ የሚለጠፍ አለው። ጭራሽ የማያስፈልግ መድኃኒት ካለ ጂፒው ያቁመው።

አሁን ነርስ፣ ጂፒ፣ ፋርማሲስትና ቤተሰብ ተመካክረው በጽሑፍ ሳይስማሙ አላስጀምርም። «ጊዜ የለንም» የሚል ጂፒ ያናድደኛል፤ በስልክ ለማዘዝ ጊዜ ካለው ሁለት መስመር ኢሜይልም ይጽፋል። እቅዱ እያንዳንዱን መድኃኒት በስሙ ይጥራ፤ የሚታይበትም ቀን ይቆረጥለት። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ ወይም መጠኑ ሲቀየር ከአቅም ምርመራው እንደገና ይጀመር። ዶልስ (የነፃነት ገደብ ፈቃድ) ካላቸው ለካውንስሉ አሳውቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ይህን በግልጽ አንሥቷል።

የሆማችን ፖሊሲ «በሚወዱት ምግብ ይሰጥ» ይላል፤ አልስማማም። ከመረረ ያንን ምግብ እርግፍ አድርገው ይተዉታል። በሳህን ሙሉ ምግብ ሳይሆን በአንድ የሻይ ማንኪያ ይሁን፤ ግማሽ ሳህን ከቀረ ስንት እንደወሰዱ አይታወቅም።

በኤንኤምሲ (የነርሶችና አዋላጆች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት) ኮድ አንቀጽ 11 መሠረት ሥራውን ለኬረር ስሰጥ ለችሎታዋ የሚመጥን መሆኑን፣ ክትትል ማግኘቷንና ውጤቱን የማረጋግጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ የምፈጨው እኔ ነኝ። እሷ እስኪውጡ አጠገባቸው ትቆያለች፤ የተረፈውንም ሳትጥል ታሳየኛለች፣ በማር ቻርቱ (በመድኃኒት መስጫ መዝገቡ) ላይ እናሰፍረዋለን።