ፍሪጁም አብሮ ይጠፋል?

የቤት ኢንተርኔት ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ጨርሶ የሞተ መስመር ብዙም አያስጨንቀኝም። ቀይ መብራት በርቶ ይጠብቀኛል፣ ገመዱን ተከትዬ ሄጄ የተበጠሰበትን ቦታ አገኘዋለሁ። ከባዱ መጥቶ የሚሄደው ብልሽት ነው። ደንበኛው ሲደውል ኔትወርክ የለም፣ እኛ ስንደርስ አለ። ቴክኒሻኑ ስፒዱን ይለካል፣ ጥሩ ነው። «አሁን ይሠራል» ብሎ ይወጣል። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ቤት እንደገና ይደወላል።

ልደታ ኮንዶሚኒየም የገጠመን እንዲህ ያለው ነው። ደንበኛዋ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። ቤታቸው ሆነው ውጭ አገር ላለ ድርጅት ይሠራሉ። ጠዋት ጠዋት በቪዲዮ ስብሰባ አላቸው። በሳምንት አንዳንድ ቀን፣ ንግግራቸው መሃል ላይ፣ ኢንተርኔቱ ድርግም ይላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል። ደግሞ ይጠፋል። «ሥራዬን ላጣ ነው» አሉን ገና በሩን ሲከፍቱ። እንጀራቸው እዚያ ገመድ ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

ከእኛ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ራውተሩ ተቀይሯል። የፋይበሩ ጫፍ እንደገና ተሠርቷል። በመጨረሻ «ፓኬጁን ከፍ ያድርጉት» ተብለው ከፍ አድርገዋል፤ በየወሩ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላሉ። ይህ ምክር ሁልጊዜ ያናድደኛል። የቪዲዮ ስብሰባ ከጥቂት ሜጋቢት በላይ አይፈልግም። እየተቆራረጠ ላስቸገረ መስመር ስፒድ መጨመር ለችግሩ ምንም አያደርግለትም። ያው መቆራረጥ በውድ ዋጋ ይቀጥላል እንጂ።

አብሮኝ የሄደው ከመዳብ የስልክ መስመር ዘመን ጀምሮ በሙያው የቆየ ሰው ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ጋሼ ቤት ሲገባ መጀመሪያ መሣሪያ አያወጣም፤ ዙሪያውን ያያል። ራውተሩ ሳሎን ጥግ፣ ፍሪጁ አናት ላይ ተቀምጧል። ብዙ ቤት እንደዚያው ነው፤ ፍሪጁ ረጅም ነው፣ ሶኬቱ ቅርብ ነው፣ ልጆችም አይደርሱበትም።

መለካት ጀመርን። መጀመሪያ ብርሃኑን። ወደየቤቱ በሚገባው የፋይበር መስመር፣ ጂፖን በሚባለው፣ የቤቱ ዕቃ የሚቀበለው ብርሃን ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ ነው) ውስጥ መሆን አለበት። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ብርሃኑ ይጠነክራል፤ ከ-27 ሲወርድ ነው ጣጣው የሚመጣው። እዚህ -20 አካባቢ ነበር። ንጹሕ ነው። ፋይበሩ ከፍሪጁ ጀርባ ተቀጭቶ እንደሆነም አየን። አልተቀጨም።

ቀጥሎ ፒንግ፤ ትንንሽ መልእክት፣ ፓኬት የሚባለውን፣ ልኮ መልሱ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ ማየት ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ወደ ውጭ ፒንግ ያደርግና መልሱ ሲዋዥቅ ሲያይ በመስመሩ ይፈርዳል። መጀመሪያ ከላፕቶፑ ወደ ራውተሩ ነው መላክ ያለበት። እዚያው ቤት ውስጥ የሚጠፋ ፓኬት ካለ ችግሩ ዋይፋዩ ነው፤ የውጭውን መስመር መውቀስ ልክ አይሆንም። ወደ ራውተሩ ያለው ደህና ሆኖ ወደ ውጭ ያለው ከተበላሸ ያኔ መስመሩን እንጠረጥራለን። እዚህ ቤት ሁለቱም ደህና ነበሩ። ችግሩ በዚያ ሰዓት አልነበረማ።

ያኔ ጋሼ የራውተሩን ገጽ ክፈት አለኝ።

ራውተር ሁለት ዕድሜ ይቆጥራል። አንዱ ዕቃው ራሱ ከበራ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ነው። ሌላው ከውጭው ኔትወርክ ጋር ከተገናኘ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው። መስመሩ ብቻ ተቋርጦ ከነበረ የመጀመሪያው ረጅም፣ ሁለተኛው አጭር ይሆናል። ሁለቱም እኩል አጭር ከሆኑ ግን መስመሩ ምንም አላጠፋም፤ ራውተሩ ራሱ ጠፍቶ ነው የተነሣው። የዚህ ቤት ሁለቱም ዕድሜ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ማስታወሻውን፣ ሎግ የሚባለውን፣ ስናየው ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው ዓመት 1970 ነው። ብዙ ራውተር የራሱ ባትሪና ሰዓት የለውም። ሲነሣ ከ1970 ይጀምርና ኢንተርኔት ሲያገኝ ትክክለኛውን ሰዓት ይይዛል። 1970 ካየህ ዕቃው ኤሌክትሪክ አጥቶ ወይም ራሱን አስነሥቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማስታወሻም አብሮ ተደምስሷል። ከእኛ በፊት የመጡት ሎጉን ከፍተውት ቢሆን እንኳ ስለ መቋረጡ የተጻፈ ነገር ሊያገኙ አይችሉም ነበር።

«ዛሬ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ነበር?» አልኳቸው።

«ኧረ በፍጹም። አምፖሉ እንደበራ ነው። ላፕቶፔም ቻርጅ ላይ ነበር።»

አዲሱ ራውተር እንደ አሮጌው ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የራውተሩ አይደለም። ጋሼ አዳፕተሩን በእጁ ዳሰሰው። አልጋለም። «በየትኛው ቀን ነው የሚብሰው?» ብሎ ጠየቀ። ደንበኛዋ አሰቡ። አንዴ ማክሰኞ፣ አንዴ ሐሙስ፣ አንዴ ደግሞ ቅዳሜ። ምንም መስመር አልያዘልንም።

መልሱ የመጣው ከወጥ ቤት ነው። እንጀራ የሚጋግሩ አንድ እናት ነበሩ፤ በሳምንት እየተመላለሱ የሚጋግሩ። ሊጡን ምጣዱ ላይ እያዞሩ ስንነጋገር ሰምተውናል።

«ልጄ፣ ፍሪጁም እኮ አብሮ ይጠፋል» አሉ።

ጋሼ ቀና አለ። «መቼ ነው የሚጠፋው፣ እናቴ?»

«እኔ ስጋግር ነዋ። ሻይ ላፍላ ብዬ ማፍያውን ስሰካው ጠቅ ይልና ፍሪጁ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። እኔ የፍሪጁ ጠባይ መስሎኝ ነው።»

ደንበኛዋ ደንግጠው አዩዋቸው። «ለምን አልነገሩኝም?» አሉ። ጋጋሪዋ ለምን ይነግሯቸዋል? ስለ ኢንተርኔት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። የመጣው ባለሙያ ሁሉ ሳሎን ተቀምጦ ደንበኛዋን ብቻ ነው ያነጋገረው። ደንበኛዋ ደግሞ በዚያ ሰዓት በር ዘግተው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ስብሰባ ላይ ናቸው። ፍሪጁ ዝም ሲል የሚሰማው ሰው ወጥ ቤት ያለው ሰው ነው።

የራውተሩን ገመድ ተከትለን አየን። ራውተሩ የተሰካው ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት አልነበረም፤ ከፍሪጁ ጋርድ በተሳበ ዲቫይደር ላይ ነው። ጋርዱ ኃይል ሲወርድ ፍሪጁን ይቆርጣል፤ ኃይሉ ከተስተካከለ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው መልሶ የሚሰጠው። ለፍሪጅ ይህ ተገቢ ነው። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረግብ ወዲያው ቢነሣ ሊቃጠል ይችላል። ራውተር ግን ኮምፕረሰር የለውም። ያለ ጥፋቱ ከፍሪጁ ጋር እየተቀጣ ነበር።

መልቲሜትሩን ሶኬቱ ላይ አድርገን እንዲሰኩልን ጠየቅናቸው። ምንም ሳይሰካ 215 ቮልት ነበር። ምጣዱ ሲሰካ 190 ወረደ። የውሃ ማፍያው ሲጨመር 176። ጠቅ! የራውተሩ መብራት ሁሉ በአንዴ ጠፋ። ፍሪጁም ዝም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ ማፍያው ሲጨመርበት ጠቅላላው ከ20 አምፔር ያልፋል። በቀጭን ወይም በላላ ገመድ ላይ ይህን ያህል ሲያልፍ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ቀኑ የሚለዋወጠውም ጋጋሪዋ የሚመጡበት ቀን ስለሚለዋወጥ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተጽፏል። 176 ቮልት ለእሱ ምኑም አይደለም። ከጋርዱ ነቅለን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካነው። ምጣዱም ማፍያውም እየሠሩ ራውተሩ አልተነቃነቀም። መብራት ጨርሶ ሲጠፋም እንዲሠራ ከፈለጉ፣ ለራውተር የሚሆን በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ዩፒኤስ እንዲገዙ መከርናቸው። ሲገዙ የራውተራቸውን ቮልትና አምፔር ከአዳፕተሩ ላይ አንብበው እንዲሄዱ ነገርናቸው፤ የተሳሳተ ቮልት ዕቃውን ያቃጥለዋል።

ጋሼን ያሳሰበው ግን ኢንተርኔቱ ብቻ አልነበረም። «ሳሎን ያለ ሶኬት በወጥ ቤት ጭነት ይህን ያህል የሚወርድ ከሆነ የላላ ነገር አለ። ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ማፍያውንና ምጣዱን አንድ ላይ እንዳይሰኩ» አላቸው። ቃሉን ሰምተው አስጠሩ። ብሬከሩ ሥር ያለው ዋናው ገመድ ብሎኑ ላልቶ፣ ልባሱ ጠቁሮ ተገኘ። በየሳምንቱ ምጣድ የሚጣድበት ቤት ነው። ይህን ስሰማ ከኢንተርኔቱ ይልቅ ለእሱ ነው እፎይ ያልኩት።

የስፒዱን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። መኝታ ቤት ዋይፋዩ ደካማ ነበር። ራውተር ፍሪጅ ላይ ሲቀመጥ ከበታቹ ትልቅ ብረት አለ፣ ከጎኑ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት። ወደ ኮሪደሩ አወጣነው። ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ የጎረቤቶች ዋይፋይ ተደራርቦ ነበር፤ እዚያ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ባዶ ወደሆነው አዛወርነው። ላፕቶፑን ለስብሰባ በገመድ አገናኘነው። ልጃቸው «25 ተብሎ እየተከፈለ ፋይል ሳወርድ 3 ብቻ ነው የሚያሳየኝ» ብሎ ቅሬታ አቀረበ። 25 የሚለው ሜጋቢት ነው፣ ማውረጃው የሚያሳየው ሜጋባይት፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ለ8 አካፍለው፤ 3 ይመጣልሃል። የሚከፍሉትን እያገኙ ነው። ደንበኛዋ በዚያው ወር ፓኬጁን ወደ ድሮው መለሱት።

ከዚያ በኋላ የሥራ አሠራራችን ተለወጠ። ጥሪ የሚቀበሉ ባልደረቦቻችን ድሮ የሚጠይቁት ስም፣ አድራሻና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብቻ ነበር። አሁን ሦስት ጥያቄ ተጨምሯል። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ የራውተሩ መብራቶች ሁሉ ይጠፋሉ ወይስ አንዱ ብቻ ይቀየራል? በዚያው ደቂቃ ቤት ውስጥ ሌላ ምን ይጠፋል ወይም ምን ይሰካል? ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው፣ እሱን ማነጋገር እንችላለን? ሦስተኛው ላይ አጥብቄ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ስልክ የሚደውልልን አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ቀኑን ቢሮ ነው የሚውለው። የሚያየው ማታ ሲገባ ነው። አያት፣ ሠራተኛ፣ ከትምህርት ቤት ቀድሞ የሚመለስ ልጅ፣ እነዚህ ናቸው የብልሽቱን ሰዓት የሚያውቁት። ባልደረቦቼ «ጊዜ ይወስዳል» ብለው ነበር። ይወስዳል። ግን ያለ ፍሬ ተመላልሶ ራውተር ከመቀየር ያንሳል።

ብዙም ሳይቆይ ካዛንቺስ አካባቢ ካለ አሮጌ ቤት ተደወለ። ያ ቤት አሁንም በመዳብ የስልክ መስመር ነው ኢንተርኔት የሚያገኘው። ልጅየው «ያለ ምክንያት ይቋረጣል» አለ። ባልደረባችን የራውተሩ መብራቶች ሁሉ ይጠፉ እንደሆነ ጠየቀችው። አንዱ ብቻ ነው የሚጠፋው አለ። ቤት የሚውለውን ሰው አገናኘኝ አለችው። ስልኩ ለአባትየው ተሰጠ።

«ልጄ ከውጭ ስትደውልልኝ ነው የሚጠፋው» አሉ አባት። «የመኝታ ቤቱ ስልክ ሲጮህ።»

ባልደረባችን ያ ስልክ ከግድግዳው ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ትንሽ ሳጥን ነገር እንዳለ ጠየቀቻቸው። የለም አሉ። በመዳብ መስመር ድምፁ በዝቅተኛው፣ ኢንተርኔቱ በከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ነው የሚሄዱት። የሚለያያቸው ፊልተር ያልተደረገበት ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱን ይረብሸዋል። ሳሎን ያለው ስልክ ፊልተር ነበረው። መኝታ ቤት ያለው በኋላ የተጨመረ ነውና ማንም አላሰበበትም። ቴክኒሻኑ ከቢሮ የወጣው ፊልተሩን ቦርሳው ውስጥ ይዞ ነው። ደርሶ ገጠመው፣ ከራሱ ሞባይል ወደ ቤቱ ስልክ ደወለ፣ ራውተሩ ላይ ያለው መብራት ሳይለወጥ ስልኩ ጮኸ። አባትየው ሻይ ካልጠጣህ አትሄድም አሉት።