ለእጆቼም ለጣቶቼም

ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው። ለሌላው ሰው ተራ ነገር ነው። ለእኔ ግን እያንዳንዷ ፊደል ተመስገን ናት።

ስእለት ነበረብኝ። «አምላኬ ሆይ፣ ይህችን እጅ ብትመልስልኝ ዝም አልልም» ብዬ ነበር። ከዚያ ዝም አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት ክንዷን በመደገፊያ አንጠልጥላ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አየኋት። ያ ፊት የእኔ ፊት ነበር። ማታውኑ መጻፍ ጀመርኩ።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ቀስት የተማርኩትም እዚሁ ነው። ደብረ ታቦር ከብት ስጠብቅ የማውቀው ወንጭፍ ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አገር ቤት አርፎ ለቀብሩ ሳልደርስ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ጸሎት እምቢ አለኝ። መጽሐፉን እከፍታለሁ፣ ዓይኔ ፊደሉን ያያል፣ ልቤ የለም። በዚያ ሰሞን ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ፣ የቬትናም ዘማች ናቸው፣ ጋራዣቸው ውስጥ እንጨት ሲጠርቡ አየሁ። ሂከሪ የሚባል ጠንካራ እንጨት ነው። ቀስት ነበር የሚሠሩት። ማነጣጠሪያ የለው፣ መዘውር የለው፤ አንድ ደጋን፣ አንድ አውታር፣ ጭራው ላይ ላባ የታሰረበት የእንጨት ፍላጻ። እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ትርጉሙን ነግሬያቸው ደስ ብሏቸዋል። «ክንድህ አይደለም የሚስበው፣ ጀርባህ ነው። አትቸኩል» እያሉ አስተማሩኝ።

እዚያ ሜዳ ላይ ጸሎቴ ተመለሰ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ጠዋት ማንም ሳይመጣ እሄዳለሁ። 41 ፍላጻ እወረውራለሁ፤ ለእያንዳንዱ አንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። አውታሩን በሦስት ጣት ይዤ እስከ አፌ ጥግ እስበዋለሁ። እግዚኦ። እለቀዋለሁ። ቀስቴ 45 ፓውንድ ነበር። 20 ኪሎ ያህል 41 ጊዜ መሳብ ማለት ነው። ደክሞኝ እመለሳለሁ፤ ልቤ ግን ያርፋል። አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

በ2015 ዓ.ም. የከተራ ዕለት፣ ነጠላዬን ለብሼ ከመኪና ስወርድ፣ አስፋልት የመሰለኝ በረዶ ነበር። በቀኝ ትከሻዬ ወደቅኩ። ትከሻዬ ወለቀ። ቦታው ቢመለስም ኤምአርአይ ሲነሣ፣ ትከሻን አቅፈው ከሚይዙት አራት ጅማቶች ሁለቱ ተበጥሰዋል። በመጋቢት ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ።

አሁን የምናዘዘውን ስሙኝ። ሐኪሙ ቀስት እንዳልነካ በግልጽ ነግሮኛል። እኔ ግን በአራተኛው ወር፣ ሐምሌ ላይ፣ ባለቤቴ ሥራ ላይ እያለች ያንኑ 45 ፓውንድ ቀስት አወረድኩ። እልህ ነበር። ግማሽ ድረስ ሳብኩት። ትከሻዬ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

እጁ የእኔ ነበር፣ እልሁም የእኔ። የተቆጣሁት ግን በእግዚአብሔር ላይ ነው። በደንብ ተቆጣሁ። «ወደ አንተ ቤት ስመጣ ነው የጣልከኝ» አልኩት፤ በዚያች በከተራዋ ቀን ማለቴ ነው። ቀስቱን ከጋራዡ ግድግዳ ጋር አጣብቄ በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ውዳሴ ማርያም ተውኩ። ሦስት ወር ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። የንስሐ አባቴ ራሳቸው ቤት መጡ። «አባ፣ እግዚአብሔር ቀስቱን ገትሮ እኔን ዒላማ አድርጎኛል» አልኳቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «ይህማ ተጽፏል ልጄ፣ ኤርምያስም ብሎታል» አሉና ሰቆቃውን ከፈቱ። እውነትም 3ኛው ምዕራፍ ላይ አለ፤ ቀስቱን ገተረ፣ ለፍላጻ ዒላማ አድርጎ አቆመኝ ይላል። እኔ ስድብ ነው ብዬ የፈራሁት ቃል ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል! «አንተ እዚህ ላይ ቆመሃል። ነቢዩ ግን አልቆመም» አሉኝና ወደ ታች ወርደው አነበቡልኝ። ምሕረቱ አላለቀም፣ በየማለዳው አዲስ ነው የሚለውን። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ አባ። ያን ቀን ባይመጡ ኖሮ የት እንደምሆን አላውቅም።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ኅዳር 2016፣ አርብ ረፋድ ላይ ነበር።

ከማስተኛታቸው በፊት አንገቴ ሥር መርፌ ወጉኝ። ክንድን የሚያደነዝዝ ነው። «እስከ ነገ ድረስ ላይሰማህ ይችላል» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ቤት ገባሁ። ጋደም ማለት ስለማይቻል ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ተኙ። መጀመሪያ ደህና ነበርኩ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ግራ እጄ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። የሰው እጅ ነው። ደነገጥኩ፣ ገፋሁት፣ አልሄደም። የእኔው ቀኝ እጅ ነበር። ጣቶቼን «ተንቀሳቀሱ» አልኳቸው። ምንም። በግራዬ አንድ በአንድ አነሣኋቸው። ስለቃቸው እንደ ሬሳ ጣት ይወድቃሉ። አውታር የሚይዙት እነዚያ ሦስቱም። በመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ያኔ ማታውኑ መላወስ ጀምረው ነበር።

ከዚያ ትንፋሼ አጠረ። አየር እስባለሁ፣ ደረቴ ግማሹ ብቻ ይሞላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ማረፍ ነበረብኝ። ባለቤቴ ሆስፒታሉ የሰጠንን ቁጥር ደወለች። ነርሷ ብዙ ጠየቀቻት። ከንፈሩ ጠቁሯል? ደረቱን ያመዋል? ያ የአንገት መርፌ አንዳንዴ በዚያው ወገን ያለውን የድያፍራም፣ የመተንፈሻውን ጡንቻ፣ ነርቭ አብሮ ያደነዝዛል፣ ቀና አድርጊው፣ ከባሰበት ወዲያው 911 ደውዪ አለች። ባለቤቴ ትራስ ደራርባ ቀና አደረገችኝና እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። መኪና ቁልፉ በእጇ ነበር። እናት ዓለም፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ያን ቁልፍ የያዘ እጅሽን አልረሳውም።

በልቤ የመጣልኝ ጸሎት አልነበረም። ወንድሜ ነበር። እሱም በመጨረሻ ትንፋሽ አጥሮት ነው የሄደው። «በቃ እኔም እንዲሁ ነኝ» አልኩ። «ልጆቼን በግራ እጄ እንኳ አላቀፍኳቸውም።»

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

እናቴ ምንም አታውቅም። መውደቄንም፣ ሁለቱንም ቀዶ ጥገና ደብቄያታለሁ። «ደህና ነኝ» ማለት የስደተኛ ሁሉ ልማድ ነው። እሷ ዘንድ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም።

«ምን ሆነሃል?» አለች። ሰላምታ የለም።

«ምንም… አልሆንኩም እማዬ።»

«አትዋሸኝ። ሌሊቱን በሕልሜ ስፈልግህ አደርኩ። ትንሽ ልጅ ሆነህ፣ ገበያ መሃል እጅህ ከእጄ ሾልኮ ጠፍቶኝ።»

እጅህ አለች። ሁሉንም ነገርኳት። እያለቀስኩ፣ እየተቆራረጥኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም። «ቆይ፣ ዳዊቴን ላምጣ» አለች። እናቴ የየዕለቱን ዳዊት ከደገመች ዕድሜዬን ያህል ሆኗታል። የቅዳሜው ከ131 ይጀምራል። ስልኩን አጠገቧ አስቀምጣ በዚያ በለመደችው ዜማ ቀጠለች። 135ኛው ላይ ስትደርስ ባለቤቴ ተቀበለቻት። «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና።» 26 ጊዜ ይመላለሳል ይህ ቃል። እኔም በሹክሹክታ ገባሁበት። መጀመሪያ «ምሕረቱ» ብዬ አየር ያልቅብኛል። አሥረኛው ላይ ይሁን አሥራ አምስተኛው፣ ሳላውቀው ሙሉውን እያልኩ ነበር።

143ኛውን ጀመረች። «ለእጆቼ ሰልፍን ለጣቶቼም ዘመቻን የሚያስተምር አምላኬ እግዚአብሔር ይባረክ።»

ለጣቶቼም።

ይህን መዝሙር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ጣት የሚል ቃል እንዳለበት አላውቅም ነበር። ወደ እጄ ተመለከትኩ። የቀለበት ጣቴ ጫፏ ጋቢው ላይ ላወስ አለች። በቃ ይህን ያህል ነው። ባለቤቴ አይታ እልልታዋን በእጇ አፈነችው፣ ልጆቹ እንዳይነሡ። ሐኪሙ በኋላ መድኃኒቱ መልቀቅ ሲጀምር እንዲህ ይሆናል አለኝ። አምናለሁ። ያንን ሰዓት ከዚያ ቃል ጋር ያገጣጠመው ማን እንደሆነም አምናለሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሥቃዩ መጣ። ትከሻዬ በእሳት የተያዘ መሰለኝ። ያለቀስኩት ግን በደስታ ነው። የሚያመኝ ክንድ አለኝ! ሕመምን ተመስገን ብዬ የተቀበልኩት ያን ሌሊት ነው።

ከዚያ ስድስት ሳምንት በመደገፊያ፣ ወራት በፊዚዮቴራፒ፣ በረዶው ቀለጠ፣ ዛፉ ለመለመ፣ ነሐሴ ደረሰ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ሶማሌ እህት ነበረች። ጣቶቼን ግድግዳ ላይ ሽቅብ ሳስወጣ በየቀኑ የደረስኩበትን በእርሳስ ምልክት ታደርግልኝ ነበር። ስደክም «ኢንሻአላህ ትገትረዋለህ» ትለኛለች። የማኅበራችን እህቶች በጾሙም በፍስኩም ምግብ አላቋረጡብንም፤ ጸበሉንም እነሱ ናቸው ያመጡልኝ። ሥራ ቦታ ከባዱን ሁሉ እያነሡ እኔን ያስቀመጡ ባልደረቦቼ፣ ውለታችሁን እሱ ይክፈላችሁ።

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ፊዚዮቴራፒስቷ ፈቀደችልኝ። «ሦስት ፍላጻ። አራተኛ የለም» አለች። ጋሼ ጉዳዩን ሰምተው ኖሮ ከበረዶው ወራት ጀምሮ ደብቀው ሲሠሩ የቆዩትን አዲስ ቀስት አወጡ። 20 ፓውንድ ነው፤ የቀድሞው ግማሽ እንኳ አይሞላም። መያዣውን በለስላሳ ቆዳ ጠቅልለውታል።

በጠዋት ሜዳ ሄድን። የገለባውን ዒላማ አምስት ሜትር ላይ አቆሙት። ቀስቱን አነሣሁ፣ አውታሩን ያዝኩ፣ መሳብ አቃተኝ። ጉልበት አጥቼ አይደለም፤ ያ የሐምሌው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ጋሼ ከኋላዬ መጡ። እጃቸውን እጄ ላይ አኖሩት። የእሳቸውም እጅ ይንቀጠቀጣል፣ በዚያ ዓመት ብዙ ታመው ነበር። ኤልሳዕ ትዝ አለኝ። ሊሞት ታሞ ሳለ በንጉሡ እጅ ላይ እጁን ጭኖ ነው «ወርውር» ያለው።

አብረን ሳብነው። እስከ አፌ ጥግ መጣ። ምንም አልተቀደደም። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብዬ ለቀቅኩት።

ሁለተኛውን ብቻዬን። ሦስተኛውን ብቻዬን። አራተኛው ኮሮጆው ውስጥ ነበር፣ እጄም ትችል ነበር። ቀስቱን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ለእናቴ ደወልኩ። ከቅዳሴ ገና መመለሷ ነበር።

«ስንት ወረወርክ?»

«ሦስት።»

«በፊት ስንት ነበር የምትለው?»

«አርባ አንድ።»

ትንሽ ዝም አለች። መቁጠሪያዋ ሲንሿሿ ሰማሁ።

«እንግዲያ 38 ቀርቷል። አንተ እጅህን አሳርፍ፣ እኔ እለዋለሁ» አለችና ጀመረች። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ቀስቱ አጠገብ አኖርኩት። ጋሼ ቋንቋውን አያውቁም። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እስክትጨርስ ቆሙ።