ከላሚኔተሩ በፊት እና በኋላ

የሶላር ፓኔል መገጣጠሚያ ፋብሪካ በአነስተኛ ወጪ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ማሽኑ ስንት ነው?" ብሎ ነው። እኔ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት "የሚበላሸው ስንት ይሆናል?" የሚለው ይመስለኛል። በመገጣጠም ሥራ የወጪውን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጥሬ ዕቃው ነው። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሴል፣ መስታወቱ፣ የአሉሚኒየም ፍሬሙ። ማሽን አንዴ ይገዛል። የተበላሸ ፓኔል ግን ይህን ሁሉ ዕቃ ይዞ ነው የሚሄደው። አዳማ ላይ በሙከራ ምርት ወቅት የገጠመን ነገር ይህን በደንብ አሳይቶናል።

አዳማ የተመረጠችው በደንብ ታስቦበት ነው። ዕቃው በሙሉ ማለት ይቻላል በኮንቴይነር ከውጭ ይገባል፤ የሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርብ ነው፣ የጅቡቲው መንገድም ባቡሩም በዚያው ያልፋል። ባለ 550 ዋት ፓኔል ወደ 28 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 20 ኪሎ ያህሉ መስታወት ነው። መስታወት ደግሞ በተጓዘና በተጫነ ቁጥር ይሰበራል።

አዲስ ሕንፃ አልሠራንም። ሼድ ተከራየን። የአዳማን ንፋስ የሚያውቅ ሰው አቧራው ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሼዱን በሙሉ ከአቧራ መከላከል ግን ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ሼዱ ውስጥ ሌላ ክፍል ሠራን። ሴል የሚደረደርበትና ኢቪኤ የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ታሸገ፤ ኤሲ የገባውም እዚያ ብቻ ነው። ኢቪኤ ማለት ሴሉን ከመስታወቱ ጋር የሚያጣብቀው ላስቲክ መሳይ ንጣፍ ነው። እርጥበት ከጠጣ ኋላ ፓኔሉ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ፍሬም መግጠሚያውና መጋዘኑ እንደ ሼድ ቀሩ። ጠረጴዛዎቹንና ጋሪዎቹን የከተማው በያጆች በቱቦላሬ ሠሩልን። በጣም ጎበዞች ናቸው። የመስታወቱ ጠርዝ በሚያርፍበት ላይ ጎማ እናድርግበት ያሉት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ከውጭ አስመጥተነው ቢሆን ከዚህ የተሻለ ጋሪ የምናገኝ አይመስለኝም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዚህ ሥራ ላሚኔተር የሚባለው፣ የፓኔሉን ንጣፎች በሙቀት አንድ የሚያደርገው ማሽን እንደ ድንበር ነው። ከእሱ በፊት የተፈጠረ ስህተት ይታረማል። ሴል ቢሰነጠቅ፣ ብየዳው ባይዝ፣ ይነቀልና ሌላ ይገባል። ላሚኔተሩ ውስጥ ግን አየሩ በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ ይወጣል፣ ኢቪኤው ከ140 እስከ 150 ዲግሪ ሙቀት ቀልጦ ይያያዛል። ከዚያ በኋላ እንደገና ልቅለጥ አይልም። ምጣድ ላይ ያረፈ ሊጥ ወደ ቡሃቃው አይመለስም። 144 ግማሽ ሴሎችም፣ መስታወቱም አንድ ላይ ይኖራሉ ወይም አንድ ላይ ይጣላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ፓኔል ላሚኔተሩ ውስጥ እንዳለ መብራት ሄደ። ጄኔሬተር ነበረን፤ ግን በእጅ የሚቀየር ነው። አንዱ ልጅ ወደ ውጭ ሮጠ። ማሽኑ ላይ የነበረችው ኦፕሬተር ጮኸች።

"ጋሼ፣ ፓምፑ ቆመ! አየር እየገባ ነው!"

ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሁላችንም ሰማን። ጋሼ የምንላቸው የጥገና ኃላፊያችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ጥገና ያሳለፉ ሰው።

"አትክፈቺው ልጄ፣ እንዳለ ተይው" አሏት። እሳቸው ግን ማሽኑን አይደለም የሚያዩት፤ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ነበር የሚፈልጉት።

ጄኔሬተሩ ሲነሳ ረፍዶ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት በሴሎቹ መሀል ነጫጭ አረፋዎች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ አንድ ረድፍ ሴል በሙሉ ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ ሴሎቹን የሚያገናኘው ሪባን ከጎረቤቱ ሪባን ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

ሁለቱንም ፓኔሎች የፓኔልን ኃይል በብርሃን ብልጭታ በሚለካው ፍላሽ ቴስተር ለካናቸው። ኃይል ይሰጣሉ። ክርክሩም እዚህ ላይ ተነሳ። "ኃይል ከሰጠ በቅናሽ ይሸጥ" ያለ ሰው ነበር። እኔ ይህን በፍጹም አልቀበልም። አረፋ ባለበት እርጥበት መንገድ ያገኛል። እርጥበት ከገባ ብየዳው ይዝጋል፣ ኢንሱሌሽኑ ይደክማል፣ ኤሌክትሪኩ ሰው ሊይዝም ይችላል። አይኢሲ 61215 የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ ፓኔልን በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 ከመቶ እርጥበት ለ1,000 ሰዓት የሚፈትነው በከንቱ አይደለም። ጋሼ ግን ደረጃ ምናምን አልጠቀሱም።

"የሚገዛው እኮ ገበሬ ነው፤ ውሃ ሊያወጣበት። ተክሉ ሳይደርስ ፓኔሉ ሥራ ሲያቆምበት ማን ይደርስለታል?"

ፓኔሎቹ ለሠልጣኞች ማሳያ ሆነው ቀሩ።

በማግስቱ ባለሀብቱ ትልቅ አውቶማቲክ ጄኔሬተር እንዲገዛ ወሰኑ። ሻጩ ያቀረበው ዋጋ ከባድ ነበር። ሙሉ ፋብሪካውን የሚሸከም ነው፤ በዚያ ላይ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ኃይል ስለሚቀንስ ከፍ ያለ አቅም ያለው ይሁን ተባለ። ሻጩ ልክ ነበር። ግን የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ጄኔሬተር ተነስቶ ጭነት እስኪቀበል ሰከንዶች ይወስዳል። አየር የገባው ደግሞ በእነዚያ ሰከንዶች ነው።

ጋሼ "ከመግዛታችሁ በፊት ልለካ" አሉ። ከረንት የሚለኩበትን ክላምፕ ሜትር ይዘው የላሚኔተሩን መስመሮች አንድ በአንድ ለኩ። ብዙውን ኃይል የሚበላው ማሞቂያው ነው። ፓምፑና መቆጣጠሪያው ከእሱ ጋር ሲነጻጸሩ ትንሽ ናቸው። ከዚያ ማሽኑን ባዶውን አሙቀው ማሞቂያውን ብቻ አጠፉት፤ ሰዓታቸውን እያዩም ጠበቁ። ያ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ሙቀቱን ይዞ ቆየ፤ ጄኔሬተር እስኪነሳ በሚወስደው ጊዜ ውስጥ የቀነሰው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ሙቀቱ መጠበቅ ይችላል ማለት ነው። ቫኪዩሙ ግን አይችልም። የድምፁንም ምንጭ አገኙት፤ አንደኛው ቫልቭ ኤሌክትሪክ ሲያጣ የሚከፈት ዓይነት ነበር።

ባለሀብቱ ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ለፓምፑ ብቻ ብናደርግስ?" አሉ። ያ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ አዳነ። ቫልቩ ኤሌክትሪክ ሲያጣ በሚዘጋ ተቀየረ። ፓምፑና መቆጣጠሪያው በኢንቨርተርና በባትሪ ሆኑ፤ ፓምፕ ሲነሳ የሚስበው ከረንት ከፍተኛ ስለሆነ ኢንቨርተሩ ለዚያ የሚበቃ ተደርጎ ተመረጠ። ማሞቂያው በነበረው ጄኔሬተር ላይ ቀረ። ባትሪውን የሚሞሉት ጣሪያው ላይ የሰቀልናቸው የራሳችን ፓኔሎች ናቸው፤ ፍሬማቸው ተጭሮ ለገበያ ያልወጡ እንጂ ሌላ ጉድለት የለባቸውም።

ከዚያ በኋላ መብራት መሄዱን አላቆመም። ኦፕሬተሯ ግን አሁን አትጮህም። የቫኪዩም ጌጁን አየት ታደርግና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ከጄኔሬተሩ በተረፈው ገንዘብ ከላሚኔተሩ በፊት የሚቆም የኢኤል ካሜራ ገዛን። በሴሎቹ ውስጥ ከረንት እየላከ፣ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጨለማ ውስጥ ያሳያል። አንዳንዶች ካሜራውን መጨረሻ ላይ ብቻ ያደርጉታል። እኔ አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ከላሚኔተሩ በፊት ያድርገው እላለሁ። መጨረሻ ላይ ያለው ጉዳቱን ይነግርሃል፤ ከበፊት ያለው ግን ጊዜ ይሰጥሃል።

አሁን ሁለተኛ ላሚኔተር ለመግዛት ዋጋ እያሰባሰብን ነው። ለሻጮቹ የላክነውን የጥያቄ ዝርዝር ያዘጋጁት ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ እያንዳንዱ ቫልቭ ይዘጋል ወይስ ይከፈታል የሚል ነው። ዋጋ የተጠየቀው ከታች ነው። እስካሁን አንዱ ሻጭ ብቻ የቫልቮቹን ንድፍ አያይዞ መልሷል፤ ድርድሩም ከእሱ ጋር ተጀምሯል።