«ሳር እኮ ነው»

ሦስት ዓመት አልፎታል። ያቺ ቃል ግን አሁንም ከጆሮዬ አልወጣችም።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ነው። 500 ካሬ ሳር አለን። አብዛኛው ኪኩዩ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙን ሰርዶ ገብቶበታል። ሠርግ የሚደገሰውም፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱትም እሱ ላይ ነው።

ጣጣው የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። ለአንድ ዝግጅት ድንኳን የጫነ አይሱዙ ገባ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ከርሟል። መኪናው ሳሩን መሃል ለመሃል አቋርጦ አራገፈና በመጣበት ተመለሰ። ማታ ላይ ጎማው የሄደበት ቦይ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ዋልካን፣ ይሄን ጥቁር አፈር፣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እርጥብ እያለ ከተረገጠ ሲደርቅ ሸክላ ነው። ቦዩን በአፈር ሞልተን ደለደልነው። ላዩ አማረ። መስከረም ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ስለሆነ ማንም ምንም አላየም። እኔ በመስከረም ሳር አልፈርድም። ክረምት ያጠገበው ሳር ሥሩ ጥልቅ ይሁን አይሁን አይለይም። የሳር ጤና የሚታወቀው ህዳር ላይ ነው።

ህዳር ገባ። ዝናቡ ቀረ፣ ሌሊቱ ይበርድ ጀመር። መጀመሪያ ቢጫ ያወጡት ጎማው የሄደባቸው ሁለቱ መስመሮች ናቸው።

አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በጠዋት ሳሩ ላይ ትንሽ ይራመዱና ዞር ብለው ዱካቸውን ያያሉ። ውሃ ያገኘ ሳር ወዲያው ቀና ይላል። የጠማው እንደተኛ ይቀራል። ያን ቀን መስመሮቹ ላይ ዱካቸው ተኝቶ ቀረ። «ልጄ፣ ይሄ እያጠጣነውም ጠምቶታል» አሉኝ።

ከኪሴ ካቻቢቴ አወጣሁ። ደህናው ቦታ ላይ ብሰካው እስከ እጀታው ገባ። መስመሩ ላይ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቆመ። ሰውነቴን ጫንኩበት። ወይ ፍንክች። ከዚያ በታች ሥርም አይወርድም፣ ውሃም አይሰርግም ማለት ነው። የምናጠጣው ሁሉ ላይ ላዩን ይሄዳል።

ታህሳስ ላይ ኃላፊያችን መጣ። ለጥር ሠርግ ተይዟል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«አፈሩ ታፍኗል። ነሐሴ ላይ መኪና የሄደበት ነው። ይሞክሩት እስቲ» ብዬ ካቻቢቴውን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«ርቦታል። ዩሪያ አለ አይደል?»

«ግማሽ ኩንታል አለ። ግን ዝናብ የለም። የቧንቧ ውሃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው።»

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ጤፍ ያሳደገ ዩሪያ ሳር ያቅተዋል? ሁሉንም በትነው።»

እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ለአንድ ሄክታር ጤፍ አንድ ኩንታል ዩሪያ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «ግማሽ ኩንታል እኮ የግማሽ ሄክታር ነው» አልኩት። «የእኛ 500 ካሬ የሄክታር ሃያኛ ነው። አምስት ኪሎ ይበቃዋል። እሱም ዝናብ ሲኖር።»

ትንሽ አየኝና ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ልጅ ሲፈላሰፍ የሚሳቅለት ዓይነት ነው።

«ሳር እኮ ነው» አለኝ። «ለሳር ደግሞ ሂሳብ?»

ሄደ። እኔ ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ተሳስተሃል» ቢለኝም እከራከረው ነበር። ሳር እኮ ነው ሲለኝ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ሥራ ጭምር የናቀው መሰለኝ። እኔ ይሄን ሜዳ በየወሩ አውቀዋለሁ። ግንቦት ላይ የት የት እንደሚሰነጠቅ፣ ሐምሌ ላይ የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚተኛበት፣ ውርጭ ሲወርድ የትኛው ወገን ቀድሞ እንደሚገረጣ አውቃለሁ። ይሄ ሁሉ በሁለት ቃል አለቀ።

በተንኩት። ይሄን አልደብቅም። አምስት ኪሎውን ብቻ በትኜ ሌላውን መጋዘን መመለስ እችል ነበር። አላደረግሁትም። ተናድጄ ነበር። «ውጤቱን ራሱ ይየው» ብዬ ግማሽ ኩንታሉን በሙሉ በእጄ ዘራሁት። ጋሼ ዳር ቆመው ያዩኛል። አንድም ቃል አልተነፈሱም። ውሃው የመጣው በማግሥቱ ማታ ነው፤ እሱም ለግማሹ ሜዳ እንኳ አልደረሰም።

በሦስተኛው ቀን የቅጠሉ ጫፍ ነጣ። በሳምንቱ ሳሩ እንደ ገለባ ሆነ። ቃጠሎው አንድ ወጥ አልነበረም። ግማሽ ክብ፣ ግማሽ ክብ እየሆነ ነው የወጣው። ቀረብ ብዬ ሳየው የእጄ ውርወራ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ዩሪያውን ስበትን የወደቀበት ቅርጽ፣ በየእርምጃዬ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ያየው ሁሉ ሳር ተቃጠለ ይላል። እኔ ግን የራሴን እጅ ነበር የማየው። ሳሩ ምን በደለኝ? ከኃላፊዬ ጋር ለተያያዝኩት እልህ ዕዳውን የከፈለው እሱ ነው።

ሠርጉ ምንጣፍ ተነጥፎበት አለፈ።

ከሠርጉ በኋላ ጋሼ በዶማ ትንሽ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ላዩ ሙት ነው። ከሥር ግን ነጭ፣ ወፍራም የኪኩዩ ሥር ጎን ለጎን ይሄዳል። ጥፍሬን ብሰካበት ውሃ አወጣ። «አልሞተልህም» አሉኝ። ውሃ በመጣ ቁጥር ዩሪያው ታጥቦ እንዲወርድ አረሰረስነው። የካቲት ላይ ግማሽ ኢንች የብረት ቱቦ ቆርጠን፣ ጫፉን ስለን፣ እነዚያን ሁለት መስመሮች በየአራት ጣቱ ወጋናቸው። ፌሮ ይቀል ነበር፤ ግን ፌሮ አፈሩን ወደ ጎን ይጨቁነዋል። ቱቦ አፈሩን ይዞት ይወጣል። ቀዳዳውን በተነፋ አሸዋና በበሰለ ኮምፖስት ሞላነው። እጃችን ውሃ ቋጠረ። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ሳሩ ከየቀዳዳው ዙሪያ አቆጠቆጠ። ሰኔ ላይ ሜዳው ሙሉ ነበር።

ኃላፊያችን እንግዶች ይዞ መጣ። ሳሩን አየና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አየህ? ዩሪያው ነው። ጊዜ ወሰደበት እንጂ» አለኝ። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም መልስ አልሰጠሁም። ሳር እኮ ነው፣ ይበቅላል ማለቱ ከሆነ፣ መብቀሉን በቅሏል።

ነሐሴ ላይ በር ላይ ክላክስ ሰማሁ። ድንኳን የጫነ መኪና ነው። ሮጬ ፊቱ ቆምኩ። ኃላፊያችን ከቢሮ ወጣ። ካቻቢቴውን ዘረጋሁለት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ይስኩት» አልኩት።

ሾፌሩም ተሸካሚዎቹም ያዩናል። ተቀበለኝ፣ ጎንበስ አለና ሰካው። ያለምንም ጉልበት እስከ እጀታው ሰመጠ።

«ቅቤ ነው እኮ» አለ።

«አሁን መኪናው ይሂድበት?»

ጎንበስ እንዳለ ትንሽ ቆየ። ካቻቢቴውን ነቅሎ ጭቃውን በሳሩ ጠረገና መለሰልኝ።

«ውጭ አራግፉና በሸክም አስገቡት» አለ ለሾፌሩ። ወደ እኔ ዞሮ ጨመረ፤ «ለዛሬ ብቻ ነው ታዲያ።»